ወረቀት ላይ ያልወጣው መስመር

የብርጓል ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወደ ሱቁ ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር በሩን ከኋላዋ መዝጋት ነበር። ትንቢት ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ «ተይው እህቴ፣ ይሞቃል» ልትላት ነበር፤ የልጅቱን ፊት ስታይ ግን ተወችው። የግራ ዓይኗ ሥር በልዞ ቢጫና አረንጓዴ ሆኗል። ከንፈሯ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ደርቋል። የተረፈውን ፊቷን ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ሸፍናዋለች።

«ፎቶ ላሳትም ነበር» አለች።

«ጉርድ ነው?»

«አይደለም። የጀርባ ነው።»

ትንቢት የደሴ ልጅ ናት። ባሏ ባሕር ዳር ፋብሪካ ሲቀጠር አብራው መጣች፤ እሱ ሥራ ቀይሮ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ትዳሩም አብሮት ሄደ። እሷ ቀረች። ዓባይ ማዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ በዋናው መንገድ ዳር፣ ፎቶ ማንሻና ማተሚያ ሱቅ ከከፈተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የሠርግ ጥሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፤ ያላተመችው ነገር የለም። የሰው ጀርባ ግን አትማ አታውቅም።

ልጅቱ ስልኳን አቀበለቻት። ትንቢት የመጀመሪያውን ፎቶ ከፍታ አየችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከትከሻ እስከ ወገብ ድረስ ቆዳው ተገሽልጧል። ሰንበሮቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው መሐል መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ምልክቶች አሉ፤ አንዳንዱ እንደ ማኅተም ጥርት ብሎ ወጥቷል። ከቁስሉ ጎን የልብስ ሰፊ ሜትር ተጋድሟል።

«ሜትሩን ማን አደረገው?»

«አከራያችን፣ እማሆይ ወለተ ኪዳን። የቅዳሴ ልብስ ይሰፋሉ። ‹ነገ ትንሽ ጭረት ናት እንዳይሉሽ፣ ልኩ ይታይ› ብለው ነው ያነሡኝ።» የብርጓል ቆማ ነው የምታወራው፤ ወንበር ብትሰጣትም ጀርባዋን ማስደገፍ ስለማትችል አልተቀመጠችም። «እሱ ‹ደረጃ ላይ ወደቀች› ብሎ ቃሉን ሰጥቶ በዋስ ተለቅቋል። ቀበቶውን ፖሊስ ይዞታል። ዐቃቤ ሕጓ ወይዘሮ ሩሐማ ‹ፎቶው በትክክለኛ ልኩ ይታተም፤ በየሴንቲሜትሩም መስመር ይኑረው፤ የቀበቶውን ዘለበት ከምልክቱ ጋር ዳኞቹ ፊት እናስተያየዋለን› አሉኝ። ቀጠሮው ዐርብ ነው።»

«ባልሽ ነው?»

«አዎ። አዘዘ ይባላል። ኮሌጅ ያስተምራል።»

የትንቢት እጅ ባለበት ቆመ። መምህር አዘዘን ታውቀዋለች። ደንበኛዋ ነው። ፈተና ሊያባዛ ሲመጣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ «እግዜር ይስጥሽ» ሳይል ከሱቁ የማይወጣ ሰው ነው። ባለፈው ፋሲካ እንዲያውም እንኳን አደረሰሽ ሊላት ብሎ ጎራ ብሎ ነበር። ምን አድርጋው ይሆን? የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። ወዲያው አፈረች፤ ሐሳቡ ግን አንዴ መጥቷል።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ፎቶውን ፎቶሾፕ ላይ ከፈተችው። ሜትሩ ላይ ከዐሥር እስከ ሃያ ያለውን ርቀት ለካች፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ፒክስል ሆነ። እንግዲያው በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ መቶ ሃያ አራት ፒክስል እንዲገባ አስተካከለችው። በዚያ ልክ ከታተመ፣ ወረቀቱ ላይ ያለ አንድ ሴንቲሜትር የልጅቱ ገላ ላይ ካለው አንድ ሴንቲሜትር ጋር እኩል ነው። ቀጥላ ግሪዱን አወጣች፤ በየሴንቲሜትሩ አንድ ወፍራም መስመር፣ በመሐሉ አንድ ቀጭን፣ ቀለሙ ቀይ። «እሺ» የሚለውን ስትጫን ቀዩ መረብ ስክሪኑ ላይ ባለው ጀርባ ላይ ተዘረጋ።

ከምልክቶቹ አንዱ አምስት ካሬ ወርድ፣ አራት ካሬ ቁመት ያዘ። የዘለበቱ ሁለት ጥርሶች የገቡበት ቦታ ተቦድሷል። የቀሩትን አምስት ፎቶዎች እጇ በልማድ ሠራቸው፤ ዓይኗ ቁጥሮቹ ላይ እንጂ ምስሉ ላይ አልነበረም። ማተሚያው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ተፋ። ወረቀቶቹን ፊታቸውን ወደታች ገልብጣ ሰበሰበቻቸው፤ የሱቁ ስምና ስልክ ያለበት ፖስታ ውስጥ ከተተቻቸው፤ አፉን በማጣበቂያ ዘጋችው።

«አይዞሽ» አለቻት።

የብርጓልም ፖስታውን አልከፈተችውም። ብብቷ ሥር ሸጉጣው ወጣች።

ዐርብ ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት ባጃጅ ከሱቁ ፊት ለፊት ስትቆም ትንቢት የሕፃን ልደት ፎቶ እያስተካከለች ነበር። የብርጓል ገባች። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«እትዬ፣ መስመሩ የታለ?»

ስድስቱ ወረቀቶች ተዘርግተዋል። ጀርባ፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ሜትር። አንድም ቀይ መስመር የለም።

«የአዘዘ ጠበቃ ማስመሪያ አወጣ» አለች የብርጓል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ሜትሩ ፎቶ ላይ አስቀመጠው። ‹ክቡር ፍርድ ቤት፣ እዚህ ላይ ዐሥር ሴንቲሜትር የሚለው ስለካው ዘጠኝ ተኩል ነው። ይህ ፎቶ ልክ የለውም፤ ኮምፒውተር ያበጀው ነው› አለ። ፖስታውን ደግሞ ከፍ አድርጎ የሱቅሽን ስም አነበበው። አዘዘ ከጎኑ ተቀምጦ ሳቀ። አየሁት እትዬ። ሳቀ።»

«ዳኛውስ?»

«እስከ ረቡዕ በልኩ ታትሞ ካልመጣ ከመዝገቡ ይወጣል አሉ።»

ትንቢት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሣች አየች። ግሪድ ለዓይን ብቻ ነው። ስክሪን ላይ ይታያል፤ ወረቀት ላይ አይወጣም። ይህን ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ወር ነው ያወቀችው፤ ለሌሎችም አስተምራዋለች። ማተሚያውም ቢሆን ምስሉን ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር እንዲያመጣጥን ታዞ ስለነበር እያንዳንዱን ፎቶ ትንሽ ትንሽ አሳንሶታል። ከስድስቱ ወረቀቶች አንዱን ገልበጥ አድርጋ ብታየው ኖሮ ሁለቱንም ስሕተት ወዲያው ትደርስበት ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «አላየሁትም። ማየት ፈርቼ ገልብጬ ሰጠሁሽ።»

«እኔስ ተሸክሜው ነው የምዞረው» አለች የብርጓል።

ትንቢት የሕፃኑን ልደት ዘጋችውና ስድስቱን ፎቶዎች መልሳ ከፈተች። በዚህ ጊዜ ግሪዱን አልተማመነችበትም። ልክ አንድ ሴንቲሜትር የሆነች ትንሽ ካሬ ሠራች፤ ሁለት ጠርዟን ቀይ ቀባች፤ ከፎቶው በላይ ሌየር የሚባለውን ባዶ ገጽ ከፍታ ያቺን ካሬ እንደ ወለል ሰድር ዳር እስከ ዳር ደረደረቻት። ይህ መስመር የምስሉ አካል ነው፤ የትም ቢታተም አብሮ ይወጣል። ማተሚያው እንዳያሳንስና እንዳያሳድግ መቶ በመቶ ላይ አቆመችው። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ የብረት ማስመሪያዋን አንሥታ ካሬዎቹን ለካች። ዐሥሩ ካሬ ዐሥር ሴንቲሜትር ሆነ። ሜትሩን ለካች። ዐሥሩ ዐሥር ነው።

«ነይ እዪው» አለች።

የብርጓል ጎንበስ ብላ አየች። በጣቷ አንዱን ምልክት ነካችው። «ይኸ የመጀመሪያው ነው» አለች ቀስ ብላ። «እራት አልቀረበም ብሎ ነው። የቀረውን ግን ለምን እንደሆነ አላውቀውም።»

ሁለተኛው ወረቀት ገና እየወጣ ሳለ በሩ ተከፈተ።

አዘዘ ነበር። ለፍርድ ቤት የለበሰውን ግራጫ ኮት እንደለበሰ ነው። ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ መቀርቀሪያውን ጣል አደረገው።

«ጤና ይስጥልኝ ትንቢት» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነው።

«መምህር፣ እባክዎ ይውጡ።»

«ፖስታሽን ችሎት ላይ አየሁት። ስንት ዓመት ደንበኛሽ ሆኘ የሚስቴን ገላ አትመሽ ለሕዝብ ታሳያለሽ?» ወደ ስክሪኑ ተመለከተ። ቀዩ መረብ ሥር የተዘረጋውን ሥራውን አየው። ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ሚስቱን ሳያያት «አንች፣ ውጭ። ወደ ቤትሽ» አለ።

«አልሄድም» አለች የብርጓል።

ምቱ መቼ እንደተነሣ ትንቢት አላየችም። ያየችው የብርጓል ጭንቅላት ወደ ጎን ሲወረወርና የደረቀው ከንፈሯ ተከፍቶ ደሙ ግድግዳው ላይ ሲረጭ ነው። ልጅቱ ሳትወድቅ ፀጉሯን ያዛት፤ ፊቷን ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጠርዝ ጋር አጋጨው። አንዴ። ደግሞ አንዴ። አንድ ጥርስ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ። የሚገርመው አዘዘ አይጮህም፤ አይሳደብም። ተማሪዎቹን ሰሌዳ ላይ የሚያስረዳ ይመስል ትንፋሹን እንኳ አላፈጠነም።

ትንቢት ጮኸች። ኮቱን ከኋላ ይዛ ጎተተችው። በክርኑ ደረቷን ሲላት ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ ተጋደመች። ስትነሣ ወደ ታተሙት ወረቀቶች እያየ ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች በግራ እጇ ተጭና ያዘቻቸው።

«እጅሽን አንሽ» አለ።

«አንተ አውሬ! ውጣልኝ!»

«እጅሽን አንሽ አልሁሽ።»

አላነሣችም። መጽሐፍ የምትጠርዝበትን ትልቁን የብረት ስቴፕለር ከጠረጴዛው ላይ አነሣና እጇ ላይ አወረደው። ዓይኗ ጨለመ። እንደገና አወረደው፤ በዚህኛው የአጥንቷን ድምፅ ሰማችው። ያኔ እጇ ራሱ ለቀቀ። ወረቀቶቹን ቀዳደዳቸው። በዚያው ስቴፕለር ስክሪኑን ፈረከሰው፤ ስክሪኑ ሲጠፋ ሁሉም ነገር የጠፋ መሰለው። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ሥር እየሠራ እንደሆነ አላስተዋለም።

በውጭ በኩል በሩ ይደበደብ ጀመር። «ምንድነው? ምን ሆናችሁ?» ይላል አንዱ። «የባልና ሚስት ነገር ነው መሰለኝ፣ ተዉት» ይላል ሌላው። ትንቢት «ገደላት!» ብላ ስትጮህ ድብደባው በረታ፤ መቀርቀሪያው ግን ወፍራም ነው። አዘዘ ዙሪያውን አየ። ሱቁ የኋላ በር አለው፤ ከዚያ በጓሮ በኩል አንዲት ቀጭን መንገድ ቁልቁል ወደ ዓባይ ትወርዳለች። የብርጓልን በፀጉሯ እየጎተተ በዚያ በኩል ወጣ።

ትንቢት ወለሉ ላይ ተንበርክካ ለጥቂት ጊዜ ቆየች። ግራ እጇን ማየት አልፈለገችም፤ አየችው። ሁለት ጣቶቿ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞረዋል። ከዚያ በቀኝ እጇ የብረት ማስመሪያውን አነሣች። ለምን እሱን እንዳነሣች በኋላ ፖሊስ ሲጠይቃት «ቅርብ ስለነበረ ነው» ብላለች። እውነቱም ይኸው ነው።

ወንዙ እዚያ ጋ ከጣና ሐይቅ ገና መውጣቱ ነው፤ ሰፊና ቀርፋፋ ነው፤ ዳሩን ደንገል ሸፍኖታል። ጫማዋ መንገድ ላይ ቀረ። ደንገሉን ጥሳ ስትወርድ አዘዘ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሟል። የብርጓልን ማጅራቷን ይዞ ፊቷን ውኃ ውስጥ ደፍቆታል። እጆቿ ከኋላዋ ኮቱን፣ ጉልበቱን፣ አየሩን ይቧጥጣሉ።

«እንግዲህ ጣና ይመስክርልሽ» ይላል ደጋግሞ፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ። «ጣና ይመስክርልሽ።»

ትንቢት ውኃው ውስጥ ገብታ ማስመሪያውን በጠርዙ በኩል ጆሮው ላይ አሳረፈችው። ብረቱ ሥጋው ውስጥ ሲገባ ተሰማት። ጮኸ፤ ከገባ ጀምሮ የጮኸው ያኔ ብቻ ነው። ዞሮ በጡጫ ጉሮሮዋን መታት፤ ውኃው ውስጥ በጀርባዋ ገባች። ውኃ ጠጣች። የተሰበረው እጇ የወንዙን ወለል ሲነካ ሥቃዩ እስከ ጥርሷ ደረሰ። ብቅ ስትል የብርጓልም ብቅ ብላለች፤ ታስላለች፣ ደምና ውኃ ትተፋለች፣ ወደ ዳር ለመሳብ ትሞክራለች። አዘዘ ግን ጆሮው እየደማ እንደገና እግሯን ያዛት። እንደገና ደፈቃት።

ትንቢት እንደገና መታችው፤ ፊቱን። ደግሞ መታችው። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠረችም። እየመታች «ልቀቃት» ትላለች፤ እሱም አይለቅም።

ከዳር፣ ከደንገሉ ወዲያ፣ ግሩም የሚባል ሾፌር ባጃጁን ያጥብ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ባልዲውን ጥሎ መጣ። ወፍራምና አጭር ሰው ነው። አንዲት ቃል ሳይናገር ከኋላ የአዘዘን አንገት በክንዱ ቆለፈና ይዞት ወደቀ። ሁለቱ ወንዶች ጭቃው ውስጥ ሲንከባለሉ ትንቢት የብርጓልን በአንድ እጇ ጎትታ ወደ ዳር አወጣቻት። ልጅቱ በአራት እግሯ ሆና ውኃውን አስታወከች።

ከዚያ ተነሣች። ዳር ላይ ከተከመረው ድንጋይ አንዱን፣ የሰው ጭንቅላት የሚያክለውን፣ በሁለት እጇ አነሣች። ግሩም አዘዘን ጭቃው ላይ በደረቱ አስተኝቶ ወገቡ ላይ ተቀምጦበታል። የብርጓል ከራስጌው ቆመች። ድንጋዩን ከፍ አደረገችው።

«ተይ!» አለ ግሩም። «ተይዟል! ተይ ልጄ፣ ተይዟል!»

ትንቢት ግን ተይ አላለችም። በልቧ ጣይበት እያለች ነበር። ይህንን በኋላ ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷ ግን አልዋሸችም።

አዘዘ ጭቃ ከሞላው አፉ «የብርጓል» አለ፤ እንደ ባል ስሟን ጠራት። ድንጋዩ ከራሱ አንድ ስንዝር ርቆ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ጭቃው ሦስቱም ላይ ተረጨ። ልጅቱ እዚያው ተቀመጠች። ድልድዩን የሚጠብቁት ፖሊሶች እየሮጡ ሲደርሱ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ የትንቢትን ሁለት ጣቶች በብረት አያያዙላት። የብርጓል መንጋጋዋ ተሰንጥቋል፤ ሦስት ጥርስ አጥታለች። ቅዳሜ ከሰዓት እማሆይ ወለተ ኪዳን መጡ። ቢጫ ቀሚሳቸው ላይ የልብስ ሰፊ ሜትራቸውን አንጠልጥለው ነው የመጡት። አልጋዎቹ አጠገብ ቆመው ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ።

«ይቅር ይበለን» አሉ። «ልጄ፣ ስልክሽን ስጭኝ። ያንችንም እጅ አነሣዋለሁ።»

«የኔን ለምን እማሆይ?» አለች ትንቢት።

«ያንች አጥንት አጥንት አይደለም?»

ሰኞ ወይዘሮ ሩሐማ ራሷ ወደ ሱቁ መጣች። ትንቢት ከጎረቤት ስክሪን ተውሳ፣ በአንድ እጇ እየሠራች ነበር። ዐቃቤ ሕጓ ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብላ ስትመለከት ቆየችና «ሌላ ሰው ቢሠራው አይሻልም? እጅሽ ያምሻል» አለቻት።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች ትንቢት።

በዚህ ጊዜ ዓይኗን ከምስሉ አላነሣችም። እያንዳንዱን ፎቶ አጉልታ፣ ከላይ ከግራ ጀምራ፣ ካሬ በካሬ ሄደችበት። አንዱ ካሬ ውስጥ የተላጠ ቆዳ፣ ቀጥሎ ባለው ውስጥ ጤነኛ ገላ፣ ቀጥሎ የዘለበት ጥግ። የራሷ እጅ ፎቶ ጋ ስትደርስ ከጣቶቿ በታች ስቴፕለሩ ጥሎት የሄደው ምልክት ስድስት ካሬ ተኩል ያዘ። ሆስፒታል ከተነሡት ጋር ዐሥራ አንድ ወረቀት አተመች። ዐሥራ አንዱንም አንድ በአንድ አይታ፣ ለክታ፣ ከጀርባቸው ፈረመችባቸው።

ረቡዕ ችሎት ላይ ጆሮው በፋሻ የተጠቀለለው አዘዘ እጁ በካቴና ታስሮ ቀረበ። ጠበቃው አሁንም ተነሣ።

«ይህች ምስክር መጀመሪያ የተሳሳተ ፎቶ አትማለች» አለ። «ሁለተኛው ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን?»

ትንቢት ቆማ ነበር። እጇ አንገቷ ላይ በሻሽ ተንጠልጥሏል። «የመጀመሪያው የተሳሳተው ፎቶውን ስላላየሁት ነው» አለች። «የሰው ገላ እንደዚያ ሆኖ ማየት ከበደኝ፤ ገልብጬ ሰጠኋት። አሁን አይቸዋለሁ። ማስመሪያ ካለዎት ይለኩት።»

ጠበቃው አልለካም። ዳኛው ግን ማስመሪያ አስመጡ። ለኩ። ከዚያ በኤግዚቢትነት የተያዘውን ቀበቶ አዘዙ። ዘለበቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወረቀቱ ላይ፣ አምስት በአራት ካሬ የያዘው ምልክት ላይ አሳረፉት። ጥግ በጥግ ገጠመ፤ ሁለቱ ጥርሶች ሁለቱ ጥቋቁር ነጥቦች ላይ ተቀመጡ። ዳኛው ዘለበቱን አነሡና እንደገና ሌላ ምልክት ላይ አስቀመጡት። ገጠመ። በሦስተኛው ጊዜ ከችሎቱ ኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የብርጓል አላለቀሰችም። መንጋጋዋ ታስሮ ስለነበር መናገርም አትችልም ነበር፤ ዘለበቱ ባረፈ ቁጥር ግን ትከሻዋ ብድግ ይል ነበር።

የግድያ ሙከራው ተጨምሮበት፣ ከአራት ወር በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ተፈረደበት።

በጥር መጨረሻ ላይ ትንቢት ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደች። ሐኪሙ ጣቶቿን ሞቅ ባለ ውኃ እንድታፍታታቸው ነግሯት ነበር፤ የብርጓል ወላጆች ቤት ደግሞ ከፍል ውኃው ብዙም አይርቅም። የብርጓል ልትቀበላት እስከ መኪናው መቆሚያ መጣች። ወፍራለች። ስትስቅ የጎደሉት ጥርሶቿ ይታያሉ።

ከሴቶቹ ጋር ገብተው ተቀመጡ። ውኃው ያቃጥላል። ትንቢት ጣቶቿን ለማጠፍ ሞከረች፤ ቀለበት ጣቷ ትንሽ ታጠፈ፤ ትንሿ እምቢ አለች። ትንሿ እስከ መጨረሻው እንደማትታጠፍ ሐኪሙ ነግሯታል።

«ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ» አለች ትንቢት። «የመጀመሪያውን በትክክል ባትመው ኖሮ ወደ ሱቅ ባልተመለስሽ ነበር።»

የብርጓል ውኃውን በእፍኟ እያነሣች ትከሻዋ ላይ አፈሰሰች። «እኔም ብዙ አሰብሁት» አለች። «መጀመሪያ ተናደድሁብሽ። ሆስፒታል ሳለሁ፣ አልጋሽ አጠገቤ እያለ፣ ላናግርሽ አልፈልግም ነበር። መንጋጋዬ ታስሮብኝ እንጅ እሰድብሽ ነበር።»

«ልክ ነሽ።»

«ኋላ ግን ተወኝ። ቤትም ብሄድ ይጠብቀኝ ነበር። ብቻዬን ይጠብቀኝ ነበር።»

ከወዲያ በኩል አንዲት አሮጊት ሴት ልጃቸውን ፀጉሯን እያጠቡ ይቆጧታል። ትንቢት ጣቷን እንደገና ሞከረችው።

«ሽማግሌ ልከውብኛል» አለች የብርጓል በድንገት።

«እነማን?»

«የአዘዘ ዘመዶች። አራት ሆነው መጡ፤ አንዱ ቄስ ናቸው። ይግባኝ ብለዋል፤ ‹ይቅር ብያለሁ ብለሽ ፈርሚ፣ ዓመቱ ይቀንስለታል፣ እሱም ተጸጽቷል› አሉኝ። አባቴም እናቴም የኔን አፍ ነው የሚጠብቁት።»

«ምን አልሻቸው?»

«ቁጭ እንዲሉ አላልኋቸውም። ውኃ እንኳ አላቀረብሁላቸውም።» የብርጓል ነጠላዋን ከድንጋዩ ላይ አነሣች። «ቄሱ ሲወጡ ‹ልጄ፣ ልብሽ ደንድኗል› አሉኝ። ‹አዎ አባቴ› አልኋቸው። ሰኞ ባሕር ዳር ወደምሠራበት ፋብሪካ እመለሳለሁ። እማሆይ ቤቱን ለማንም አላከራዩትም፤ ጠብቀውኛል።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጅ» አለች። «ነይ ውጭ፣ ብዙ አይቆዩበትም። እናቴ ድንች ቀቅላ ትጠብቀናለች። እኔ እንደሆንሁ ከድንች ሌላ የማኝከው የለኝም።»